የጓደኛህ በሽታ

ጥቅምት 3

ሩቅ አገር ላለው ለልጄ ልጅ፣ ለጎማው፤

ጤናህ ከምትነፋው ጎማ ይጠንክር፤ መንገድህ ሚስማር አይኑርበት፤ ክፉህን የሚመኝ ሰው ጎማው ዳገት ላይ ይተንፍስ። እኔ አያትህ ከጉልበቴ፣ ከዓይኔ፣ ከጆሮዬና ከጥርሴ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ምላሴን ብቻ ዕድሜ አልደፈራትም።

"አባባ ስልክ አያነሱም" እያልክ ለሚስትህ መክሰስህን ሰምቻለሁ። አነሳለሁ እንጂ! ግን በስልክ የሚነግሩኝ ሁሉ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ የንብ መንጋ ይሆናል። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ደጋግሜ ባነበው "አሁንም አልገባዎትም?" ብሎ አይቆጣኝም።

አሁንም እዚያው በረንዳዬ ላይ፣ ከጤና ጣቢያው አጥር ፊት ለፊት ተቀምጬ የሲስተሮቹን ጋዋን እሰፋለሁ። ሠፈሩ ዳኛዋ የሚላት ሚስትህም ከምትሸጥበት ዳቦ ቤት ስትመለስ ትጎበኘኛለች። ዳኛነቷ ጨምሯል። ባለፈው ሰልፍ ላይ ሁለት ጎልማሶች በአንድ ዳቦ ሲጣሉ ዳቦውን ከሁለቱም ቀምታ ከኋላቸው ለቆመው ሰውዬ ሸጠችው፤ ከዚያ ወዲህ ፊቷ ድምፅ ከፍ የሚያደርግ የለም።

ግን አንተ ምን ነክቶሃል? ነሐሴ ላይ ለእረፍት መጥተህ ከተመለስክ ወዲህ አንደበትህ ተለጉሟል። ትናንት እዚህ ቁጭ ብላ፣ "አባባ፣ ባሌ በስልክ ሲያወራ በየቃሉ የሚከፍል ይመስላል" አለችኝ።

"ምን ይልሻል?" አልኳት።

"ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው።"

ይህ ባል ነው ወይስ መብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው? የምትነግርህ ወሬ አላት፤ ጥሩ ወሬ ነው። ረጋ ብለህ እንደ ሰው እስክታዋራት እየጠበቀች ነው። እኔን አስምላኛለች፤ ስለዚህ ብትለምነኝም አልነግርህም። ደውልላት።

የምላሱ ጤነኛ አያትህ


ጥቅምት 24

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አያቴ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ዕድሜዎ እንደ ክርዎ ይርዘም፤ መርፌዎ አይሰበር፤ ዓይንዎ አይድከም። እኔ ለደህንነቱ ደህና ነኝ።

ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጎሚስታ ቤቱ አውራ ጎዳናው ዳር ስለሆነ ከባድ መኪና ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። አንዱን ጎማ ከቸርኬው ሳላወጣ ሌላው ሾፌር ጡሩምባ ይነፋብኛል። ማደሪያችን ከሥራው በላይ ያለች ክፍል ናት፤ አልጋችን ተደራራቢ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሁላችንም "ይማርህ" እንላለን። ማስቲሹ እጄን ትንሽ አስቆጥቶታል እንጂ ሌላ ምንም የለብኝም።

አባባ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ለእኔ አይደለም። አንድ ጓደኛ አለኝ፤ አብሮኝ ነው የሚሠራው። ከወራት በፊት የማይሆን ቦታ ላይ ቁስል ወጥቶበት ነበር። አያመውም ነበር፤ ሳይታከም ራሱ ዳነ። አሁን ደግሞ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ አለ። እዚህ ሐኪም ጋ ለመሄድ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል፤ አስተርጓሚያችን ደግሞ የማደሪያው ሬዲዮ ነው፤ ጠዋት የሰማውን ማታ በዜና ያነበዋል። ጓደኛዬ በጣም ያፍራል። እርስዎ ሲስተሮቹን ስለሚያውቋቸው እንደ ጨዋታ አድርገው ቢጠይቁለት ብዬ ነው።

ለባለቤቴ ሰላም ይበሉልኝ።

አክባሪዎ የልጅዎ ልጅ


ህዳር 4

ለጎማውና ለጓደኛው፤

ለሁለታችሁም ጤና ይስጥልኝ። ለጓደኛህ እጥፍ አድርጎ ይስጠው።

እንዳዘዝከኝ አደረግኩ፤ ያገኘኝን ግን ስማ። አዲሱን ጋዋን ላደርስ ብዬ ገባሁና ሲስተሯን ለብቻዋ አገኘኋት። እንደምታስታውሳት ደርባባ ናት፤ ሳቋን በከንፈሯ ጥግ ነው የምትደብቀው።

"አንድ ጓደኛ አለኝ" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እሺ አባቴ። ጓደኛዎ ዕድሜው ስንት ነው?"

"ወጣት ነው።"

"አዎ፣ ሁሉም በልቡ ወጣት ነው" ብላ ተነስታ በሩን ዘጋችው።

በሩ ሲዘጋ ነው ነገሩ የገባኝ። "የእውነት ጓደኛ ነው!" አልኳት። "እዚህ የሚገባ ወንድ ሁሉ ለጓደኛው ነው የሚመጣው አባቴ፤ እስካሁን አንድም ጓደኛ መጥቶ አያውቅም። ግድ የለም፤ ለእሱ የምለውን እርስዎ ያድርሱልኝ" አለች። ከዚያ ጥያቄውን አወረደችው። ጓደኛዎ ኮንዶም ይጠቀማል? ከስንት ሰው ጋር ይተኛል? ሲጠጣ ራሱን ይስታል? በዚህ ዕድሜዬ ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ። የማላውቀውን ሰው ኃጢአት እየፈለሰፍኩ መለስኩላት፤ ስፈለስፍም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ሳላጋንን አልቀረሁም።

አሁን የነገረችኝን ስማ። ቁስሉ የማያም ከሆነና ራሱ ከዳነ፣ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው አለች። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይደሰታል፤ በሽታው ግን ወደ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ እንጂ አልወጣም። ቆይቶ ሽፍታ ሆኖ ይመለሳል፤ መዳፍና የእግር ውስጥ ላይ ሁሉ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ አያሳክክም። ቂጥኝ ሳይሆን አይቀርም፤ በዓይን ግን አይፈረድም፤ ደም ይመርመር አለች። በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ችላ ካሉት ልብና አእምሮ ድረስ ይዘልቃል። ደግሞ እንዲህ ያለ ቁስል ለኤችአይቪም በር ከፋች ነው።

"ለመሆኑ ይህ ነገር የሚይዘው ባለጌን ብቻ ነው?" አልኳት።

"በሽታው የጨዋነት ምስክር ወረቀት አይጠይቅም" አለችኝ። "ያለ ኮንዶም መተኛት፣ ከብዙ ሰው ጋር መተኛት፣ ሰክሮ መዘንጋት፣ ሳይመረመሩ መክረም፤ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። የሚረሱት አንድ አለ፤ አንድ ሰው ብቻ ይዞ፣ ያ አንዱ ግን ሌላ ጋ የሚሄድ ሲሆን። እዚህ መጥተው ከሚያለቅሱት ብዙዎቹ እነዚያ ናቸው።"

ከአባላዘር ሕክምናው ክፍል ስወጣ የሠፈራችን ፀጉር ቆራጭ በሩ ላይ አየኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ማታ ላይ ሠፈሩ በሙሉ የሰማውን እኔ በማግስቱ ሰማሁ። "አባባ፣ በዚህ ዕድሜ! ይበርቱ እንጂ!" እያሉ ያልፋሉ። እንግዲህ በጓደኛህ ስም ታምሜልሃለሁ።

ሁለት ነገር መልስልኝ። ጓደኛህ ሚስት አለችው? የአንተስ እጅ፣ ማስቲሹ የሚነካህ መዳፍህን ነው ወይስ ጀርባውን?

ሳይታመም የታማው አያትህ


ህዳር 22

ለአያቴ፤

ፈጣሪ ጤናዎን ይጠብቅልኝ። በእኔ ምክንያት ስለተወራብዎት በጣም አዝኛለሁ። ጓደኛዬ መድኃኒት አግኝቷል፤ እየተሻለው ነው። ስለ እሱ ከእንግዲህ አያስቡ።

ወደ አገር ለሚገባ ሾፌር ትንሽ ጥቅል ሰጥቼዋለሁ። ለእርስዎ የክር መቁረጫ መቀስ አለበት። በላስቲክ የተቋጠረው ለባለቤቴ ነው፤ ቫይታሚን ነው። ባለፈው በስልክ ድምፅዋ የደከመ መሰለኝ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ትዋጥ። እሱ ነው የላከው ከሚሏት እርስዎ የገዙላት ቢመስል ይሻላል፤ ከእኔ ከሆነ ጥያቄ ታበዛለች።

አደራዎን፣ ሳያቋርጡ እንድትጨርሰው።

የልጅዎ ልጅ


ታህሳስ 2

ለልጄ ልጅ፤

ልቡና ይስጥህ። ዛሬ ከዚህ የረዘመ ምርቃት ከአፌ አይወጣም።

ጥቅልህ ደርሷል። ቫይታሚን ያልከውን ፈታሁት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለሁለት የተከፈለ ነገር ሳይ ሌላው ግማሽ የት ገባ ማለት ልማዴ ነው። የመድኃኒቱ ማሸጊያ መሐል ለመሐል በመቀስ ተቆርጧል፤ ስሙም አብሮ ተቆርጧል። ቫይታሚን ለሚስቱ የሚልክ ባል ሙሉውን ይልካል እንጂ ከራሱ ላይ ከፍሎ አይልክም።

ለሲስተሯ አሳየኋት። አገላበጠችው። "ማን ሊውጠው ነው?" አለች።

"አንዲት ሴት።"

"ነፍሰ ጡር ናት?"

መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ጀመርኩ። አይታኝ ገባት። "ለነፍሰ ጡር ይህን አንሰጥም፤ ለሆዷ ልጅ አይሆንም። ደግሞ ግማሽ ነው። ግማሽ መድኃኒት ለላከውም ለተላከላትም አይጠቅምም" አለች። ወስዳ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችው።

አዎ፣ ሚስትህ አርግዛለች። ያስማለችኝ ወሬ ይሄ ነበር። በሳቅ ልትነግርህ ስንት ቀን ያዘጋጀችውን እኔ በቁጣ ነገርኩህ። መሐላዬን ያስፈረስከኝ አንተ ነህ።

ባለፈው ከሲስተሯ ቃል አንዱን ትቼብህ ነበር፤ ስለማያስቅ። ቂጥኝ ያለባት ነፍሰ ጡር ካልታከመች በሽታው ወደ ልጁ ያልፋል። ልጁ ሞቶ ሊወለድ ይችላል፤ ወይ ታሞ ይወለዳል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመርፌ እናትም ልጅም ይተርፋሉ። በጊዜ ነው ያልኩህ።

ስለዚህ ያንን ጓደኛህን ዛሬ ቀብሬዋለሁ። አልቅሼለታለሁ፤ ደግ ልጅ ነበር፤ የማንንም ነውር ይሸከም ነበር። ከእንግዲህ ስለ እሱ አትጻፍልኝ።

ዳኛዋ የዳቦ ቤቱ ተራ አልመች ብሏት የእርግዝና ክትትል ገና አልጀመረችም። ሰኞ እወስዳታለሁ። ደሟን ማስመርመሩ የእኔ ጉዳይ ይሁን። ለምን ብላ ስትጠይቅ ግን መልሱ የአንተ ነው፤ ከአንተ አፍ ነው መውጣት ያለበት። ይህ ወረቀት እጅህ እንደገባ ደውልላት።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር አባቶቻችን። የሚስቱን በሽታ ስለደበቀ ሰው ግን ምንም አልተረቱም፤ አፍረው ይሆናል።

አያትህ


ታህሳስ 24

አባባ፤

ምን ብዬ ሰላም ልበልዎት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ደብዳቤዎን የአሮጌ ጎማ ክምር ጀርባ ሄጄ አነበብኩት። አባት ልሆን መሆኔን ያወቅኩት "ለሆዷ ልጅ አይሆንም" ከሚለው ቀጥሎ ነው።

ጓደኛ የለም። እኔ ነኝ። መዳፌ ላይ ነው፤ የእግሬ ውስጥም ላይ አለ።

ከጎሚስታ ቤቱ ጀርባ ሾፌሮች የሚያርፉባት መጠጥ ቤት አለች። የወር ደመወዝ ስንቀበል ሁላችንም እንሄዳለን፤ "ና እንጂ፣ አንተ ከማን ትበልጣለህ?" ይሉኛል። ጠጣሁ። ከሚገባው በላይ ጠጣሁ። አንዲት ሴት ነበረች። እሷን አልወቅሳትም፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም፤ ይህም ሌላ ሐፍረት ነው። ኮንዶም ግድግዳው ላይ በካርቶን ተሰቅሎ ነበር፤ በነፃ፤ እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር። ተነስቼ ስወስድ እንዳይስቁብኝ ፈራሁ።

መድኃኒቱን የገዛሁት በሻንጣ ይዞ ከሚዞር ሰው ነው። ግማሹን ለእሷ ብልክ ሁለታችንም አንድ ላይ ድነን፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ያልፋል ብዬ ነበር። ሲጻፍ ምን ያህል ሞኝነት እንደሚመስል አየሁት። ሳደርገው ግን አሳቢነት ይመስለኝ ነበር። ከራሴ ቀንሼ ነበራ የላክሁላት።

ስልኩን አነሳለሁ፤ ድምፅዋን ስሰማ "ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ" እላለሁ፤ ከዚያ እዘጋለሁ። አባባ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ። እርስዎ መራራውንም በጨዋታ ጠቅልለው ነው የሚያቀርቡት። ከእርስዎ ስትሰማው ይቀላታል። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

የማይረባው የልጅዎ ልጅ


ጥር 7

ለልጄ ልጅ፤

ሆድህ እውነት ይግባበት። ደብዳቤህ እንደ ልማድህ ዘግይቶ ደረሰ። እኔ ግን አልጠበቅኩህም፤ ሰኞ ያልኩህ ሰኞ ነበር።

"ጉልበቴን ሊያዩልኝ ነው፤ ደግፈሽ ውሰጂኝ" ብዬ ወሰድኳት። እዚያ ስንደርስ "እግረ መንገድሽን አንቺም ክትትልሽን ጀምሪ" አልኳት። ስቃ ገባች። ጥጥ ክንዷ ላይ ይዛ ወጣች፤ አጠገቤ ተቀመጠችና ስለ ልጁ ስም ታወራኝ ጀመር። ወንድ ከሆነ ከተወለደ ጀምሮ የሚታዘዝ ስም ትፈልጋለች። ከዚያ እንደገና ጠሯት።

ቆየች። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የራሴን ጋዋኖች ሲያልፉ ሲያገድሙ አያለሁ፤ ሁሉም ስፌታቸው የእኔ ነው፤ አንዳቸውም ውስጥ ምን እየተባለ እንደሆነ አይነግሩኝም። ሲስተሯን በዓይኔ ብለምናት አንገቷን ነቀነቀች፤ የሰው ምስጢር አትሸጥም።

ወጥታ ተቀመጠች። ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል።

"አባባ" አለችኝ።

"አቤት ልጄ።"

"ጓደኛዎ እንዴት ነው?"

ያን ሁሉ ጊዜ ሠፈሩ ሲስቅብኝና እኔ 'ለጓደኛ ነው የጠየቅኩት' ስል፣ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ "የእኛ አያት እንዲህ አይደሉም!" እያለች ስትጣላልኝ ከርማ ነበር። ለካ ስትጣላበት የከረመችው በሽታ በራሷ ደም ውስጥ ነበር። ቀልድ ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልጠራው ይመጣ የነበረው ቀልድ ያን ቀን ጥሎኝ ሄደ። አንገቴን ደፋሁ። ምንም አልነገርኳት፤ መድፋቴ ግን ሁሉንም ነገራት።

"ሲስተሯ 'ከስንት ወንድ ጋር?' ብላ ጠየቀችኝ" አለች። "'ከአንድ' አልኳት። አንድ ማለት እንዲህ ያሳፍራል ብዬ አስቤ አላውቅም።"

ያን ዕለት መርፌ ተወግታለች፤ በየሳምንቱ ትቀጥላለች። የልጁ ልብ ይመታል፤ ሲስተሯ አሰምታታለች። በጊዜ ነው የደረስነው አለች። ኤችአይቪ የለባትም፤ ለማረጋገጥ ደግመው ያዩታል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት።

ደብዳቤህ ሲመጣ ወስጄ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም። "ለእኔ የተጻፈ አይደለም" አለች። "ልጁ እኮ ተጸጽቷል፣ እኔም እንደ አባት ሆኜ..." ብዬ ስጀምር እጇን አነሳች። "አባባ፣ ይተዉ። ሽማግሌ አልላከብኝም፤ እሱ ራሱን ደብቆ እርስዎን ነው ያቆመው። የሚለኝ ካለ ስልኬን ያውቀዋል።"

ስለዚህ አልነግርልህም። ልንገርልህ ብልም የሚሰማኝ የለም።

ደግሞ ደብዳቤህን ሳነበው አንድ ቦታ ላይ ስፌት ዘለሃል። መጠጥ ቤቱን ጻፍክ፤ ሽፍታውን ጻፍክ፤ በመሐሉ ያለውን ዘለልከው። እኔ አልጠይቅህም። የምትጠይቅህ አለች።

አያትህ


ጥር 25

ለአያቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ደወልኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ ነበር፤ ሁሉም ወጥተዋል። ጎማ ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። "እኔ ነኝ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች። ሁሉንም ነገርኳት። መሐል ላይ አንድም ቃል አላስገባችም፤ ዳቦ ስትቆጥር እንደምትሆነው ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ፣

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ" አለች። "ነሐሴ ስትመጣ፣ በር ላይ ያቀፍኩህ ጊዜ፣ ታውቅ ነበር?"

"ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር" አልኳት።

"እሱን አልጠየቅኩህም። አይተኸው ነበር?"

አባባ፣ እርስዎ የዘለልኩት ያሉት ስፌት ይሄ ነው። ከዚህ በፊት ለራሴም በግልጽ ብዬው አላውቅም። "አይቼው ነበር" አልኳት። "ስመጣ እየደረቀ ነበር። አያመኝም ነበር፤ ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለጥቂት ቀን ነው የመጣሁት፤ ተኝተን 'አትንኪኝ' ብልሽ 'ለምን?' ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

ወንበር ስትስብ ሰማሁ። 

"ስለዚህ እኔንም ልጁንም ለበሽታ አሳልፈህ የሰጠኸን አንዲት 'ለምን' ፈርተህ ነው" አለች። ዘጋችው።

በማግስቱ ያን አስተርጓሚ፣ ሬዲዮውን ይዤ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሐኪሟ የጠየቀችኝን ሁሉ በእሱ አፍ ተጠየቅኩ፤ የመለስኩትን ሁሉ በእሱ አፍ ሰማሁት። የራስን ነውር በሌላ ሰው ድምፅ መስማት ከመርፌው ይበልጥ ያማል። ደሜ ላይ ተገኝቷል፤ ተወጋሁ። ኤችአይቪ የለብኝም፤ ለሌሎቹም መርምረውኛል። ከወራት በኋላ ደሜን ደግመው አይተው ነው ድነሃል የሚሉኝ። መጠጥ ቤቷ ያለችው ሴትም እንድትመረመር ላስነግራት ይገባል አሉኝ፤ ራሴ ሄጄ ነገርኳት። ስሟንም ጠየቅኳት።

ስንወጣ ሬዲዮው ዜናውን ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ፣ "አንተ ሂድ፤ እኔ የምጠይቃት ነገር አለኝ" ብሎ ተመልሶ ገባ። እስካሁን ለማንም አላወራም።

ምን እንደወሰነች የሚያውቁት ነገር ካለ ይጻፉልኝ። ልጁ ሲወለድ መምጣት እፈልጋለሁ።

የልጅዎ ልጅ


የካቲት 11

ለልጄ ልጅ፤

ደምህ ይጥራ፤ ወገብህ ይጽና፤ ፊትህን ቀና አድርገህ የምትሄድበት ቀን ይምጣ። ዛሬ ምርቃቴ ትንሽ ተመልሶልኛል።

መርፌዋን ከጨረሰች ሰነበተች። የመጨረሻውን ተወግታ ስንመለስ እሷ በመርፌው ታነክሳለች፣ እኔ በጉልበቴ አነክሳለሁ። ፀጉር ቆራጩ ደንበኛውን በአረፋ እንደሞላ በር ላይ ወጥቶ፣ "አባባ! ያ የወጣትነት በሽታዎ አሁንም አልለቀቀዎትም?" አለ። ውስጥ ያሉት ሳቁ። እኔም እንደ ልማዴ አብሬ ልስቅ ስል ክንዴን ለቀቀችኝ።

"ያ ስታወራው የከረምከው በሽታ የእኔ ነው" አለችው። "የእሳቸው አይደለም። ከባሌ ያዘኝ፤ ታከምኩ፤ ዳንኩ። ሌላ የምትጠይቀው አለህ?"

 ፀጉር ቆራጩ ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "የለም" አለ ቀስ ብሎ። "እንግዲያው ሚስትህን ይዘህ ሄደህ ተመርመር" ብላው ክንዴን መልሳ ያዘችኝ። ሄድን። እኔ ስለ እሷ ልሸከም ያሰብኩትን እሷ ከትከሻዬ አውርዳ በአደባባይ ተሸከመችው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ጊዜ አፍሬ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ማታ ጉልበቴን አሸሁት እንጂ አልተኛሁም።

በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ማንም አልተናገረም አሉ። ሁለት ሴቶች ብቻ ዳቧቸውን ተቀብለው ጠጋ አሉና "ስንት ሰዓት ነው ሲስተሯ የምትገባው?" ብለው ጠየቋት።

ምን ወሰነች ላልከኝ፣ ጠየቅኳት። "ይቅር ብለሽዋል?" አልኳት። "አላልኩም" አለች። "ትተይዋለሽ?" አልኳት። "አላልኩም" አለች። ያለችውን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ራሷ ያድርሱ ብላኛለች፤ የመጨረሻዬ መልእክት ይሁን ብላም አስጠንቅቃኛለች።

"ልጁ ሲወለድ ይምጣ። ደሙ ተደግሞ የታየበትን ውጤት በእጁ ይያዝ። ቁልፍ አለኝ ብሎ እንዳይገባ፤ ያንኳኳ፤ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ። ልክፈት አልክፈት ያኔ አውቀዋለሁ።"

"ዝናብ ቢዘንብስ?" አልኳት።

"ይመታዋላ" አለች።

"እኔ ጃንጥላ ይዤ አብሬው ልቁም?"

እንደዚያ ስትስቅ ከሰማኋት ቆይቻለሁ። "አይሆንም አባባ" አለች። "እርስዎ ከእንግዲህ ስለ ማንም አይቆሙም። እርስዎ ውስጥ ሆነው ልጁን ያቅፉልኛል።"

ስለዚህ ብቻህን ነው የምትቆመው፣ ጎማው። እኔ ልጅህን ታቅፌ በመስኮት አይሃለሁ።

አያትህ